ከሣጥናችን እስከ ሙዚየም፦ የቤት ቅርስ በማን እጅ ይቀመጥ?

(በሬዲዮ ፕሮግራም ከቀረበ ንግግር ለአንባቢ እንዲመች ተደርጎ የተዘጋጀ)



የዛሬው ርዕሳችን ሙዚየም ነው። ሙዚየም ሲባል ብዙዎቻችን ከኑሯችን የራቀ ነገር አድርገን እናየዋለን። ተማሪዎች ተሰልፈው የሚገቡበት፣ ቱሪስቶች ካሜራ አንግተው የሚዞሩበት ትልቅ ሕንፃ ብቻ ይመስለናል። የእኛ የሙስሊም ቤተሰቦች ድርሻ ምን እንደሆነ አንጠይቅም። ነገር ግን ጉዳዩ የሚጀምረው ከገዛ ቤታችን፣ ከአልጋ ሥር ከተቀመጠው ሣጥን ነው። እስቲ በራሴ ቤተሰብ ከደረሰው ልጀምር።

አያቴ ጫጫ ይኖሩ ነበር። ጫጫን ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የተጓዘ ሁሉ ያውቃታል። ደብረ ብርሃን ለመግባት ወደ 20 ኪሎ ሜትር ሲቀር በዋናው መንገድ ላይ የምትገኝ ብርዳም ከተማ ናት። በአያቴ ሣጥን ውስጥ በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ አንድ የእጅ ጽሑፍ ኪታብ ነበር። ሽፋኑ ቆዳ ነው፤ ጽሑፉ በጥቁርና በቀይ ቀለም ተከትቧል። የባለቤታቸው አባት ከአልዩ አምባ ይዘውት እንደመጡ ይነገር ነበር። በኪታቡ ዳርና ዳር፣ በባዶው ቦታ ላይ፣ የተወለዱ ልጆች ስምና የሞቱ ዘመዶች ቀን ተጽፎበታል። መጀመሪያው ገጽ ላይ ደግሞ አያቴ ማንበብ ባይችሉም «ወቅፍ ነው ይባላል» ይሉ ነበር።

አንድ ቀን ከከተማ የመጣ ሰው ቤት ድረስ ዘለቀ።

«እማማ፣ ይሄ ያረጀ መጽሐፍ ምን ይሠራልዎታል? አይጥ ከሚበላው ለእኔ ይስጡኝና ቤትዎን ቆርቆሮ ያልብሱበት» አላቸው።

አያቴ መልስ አልሰጡም። «ልጄን ጠይቀው» ብቻ አሉ። አጎቴም ጣራው ያፈስ ስለነበር ተስማማ። በ300 ብር ተሸጠ። የገዢውን ስም የጠየቀ የለም፤ ወረቀት የተፈራረመም የለም። ከዓመታት በኋላ የቤተሰባችንን የዘር ሐረግ ለማጣራት ስንነሳ የትውልድ መዝገባችንን ጭምር እንደሸጥነው ገባን። ከዚያ የከፋው ግን ወቅፍ ከሆነ መጀመሪያውኑ የእኛ ያልነበረውን መሸጣችን ነው። ዛሬ ያ ኪታብ የት እንዳለ የሚያውቅ የለም።

ውድ አድማጮች፣ ይህን የምናነሳው ለቁጭት ብቻ አይደለም። ይህ ታሪክ የብዙ ቤት ታሪክ ስለሆነ ነው። ያኔ በአካባቢው የሚታመን ሙዚየም፣ ከጎኑ የሚቆም ነጋዴና የሚያውቀው ማኅበረሰብ ቢኖር ኖሮ ጣራውም ይሠራ፣ ኪታቡም ይተርፍ ነበር። የዛሬው ንግግራችን እነዚህ ሦስት ወገኖች፣ ማለትም ሙዚየም፣ ነጋዴና ማኅበረሰብ፣ እንዴት አብረው ሊሠሩ እንደሚችሉ ለማስረዳት ነው።

የእኛ አካባቢ ምን አለው?

በመጀመሪያ «ጫጫና አካባቢዋ ምን ቅርስ አላት?» ለሚል ሰው አጭር መልስ እንስጥ።

ጫጫ የአንጎለላና ጠራ ወረዳ መቀመጫ ናት። አንጎለላ እ.ኤ.አ. ከ1813 እስከ 1847 ሸዋን የገዙት የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ መቀመጫ ከነበሩት ከተሞች አንዷ ስትሆን ዳግማዊ ምኒልክም እ.ኤ.አ. በ1844 የተወለዱት እዚያው ነው። ሌላው የንጉሡ መቀመጫ አንኮበር ነበር። ከአንኮበር ተራራ ወደ ምሥራቅ ቁልቁል ሲወረድ አልዩ አምባ ትገኛለች። በዚያ ዘመን አልዩ አምባ ዓርብ ዓርብ ገበያ የሚቆምባት የሙስሊም ነጋዴዎች ከተማ ነበረች። ከታጁራና ከዘይላ ወደብ የሚመጣው ቅፍለት፣ ከአፋር የሚወጣው አሞሌ ጨው፣ ከሐረር የሚመጣው ነጋዴ እዚያ ይገናኝ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1841 የእንግሊዝ መልእክተኛ ሻምበል ሃሪስ ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ሲመጣ በዚሁ መንገድ ነው ያለፈው። በዚያው ዓመት በኅዳር ወር ንጉሡና እንግሊዝ የንግድ ውል ተፈራርመዋል። በዚያን ጊዜ ቆላውን የይፋት ግዛት በንጉሡ ስም ያስተዳድሩ የነበሩት የጥንቶቹ የይፋት ሱልጣኖች ዘር መሆናቸው የሚነገርላቸው ወላስማ መሐመድ ነበሩ።

ከዚያም በፊት ሌላ ታሪክ አለ። የወላስማ ሥርወ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1285 የሸዋን ሱልጣኔት አሸንፎ የይፋትን ሱልጣኔት ያጸና ነው። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ የፈረንሳይ ተመራማሪዎች ከኢትዮጵያውያን ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው በዚሁ በምሥራቁ የሸዋ ተዳፋት ላይ አስባሪ፣ ማሳልና ኖራ የተባሉ የመካከለኛው ዘመን የሙስሊም ከተሞችን ፍርስራሽ አጥንተዋል። የጥናቱ ውጤት እ.ኤ.አ. በ2006 ታትሟል። እ.ኤ.አ. በ2017 ደግሞ በሸዋ ሮቢት አቅራቢያ የሚገኘውን የሱልጣኔቱን ዋና ከተማና የወላስማ መሳፍንት የተቀበሩበትን፣ ጽሑፍ የተቀረጸባቸው የመቃብር ድንጋዮች ያሉበትን ስፍራ የሚገልጽ ሰፊ ጥናት ወጥቷል።

በዚህ ላይ የአርጎባ ወንድሞቻችን ሽመና፣ የድንጋይ ቤት አሠራርና ቋንቋ አለ። በደጋው ደግሞ ከበግ ጠጉር የሚሠራው በርኖስና ዝተት አለ። እንግዲህ ቅርስ የለንም ማለት አንችልም። የጎደለን ያለንን የሚያስተሳስር ነው።

ሙዚየም ማለት ምንድን ነው?

ሙዚየም ያረጀ ዕቃ የሚከማችበት መጋዘን አይደለም። አንድ ተቋም ሙዚየም የሚባለው ቢያንስ አራት ነገር ሲሠራ ነው። ዕቃውን ይሰበስባል፤ ከማን፣ ከየትና መቼ እንደመጣ ይመዘግባል፤ እንዳይበላሽ ይጠብቃል፤ ለሕዝብ ያሳያል፣ ያስተምራልም። ከአራቱ ውስጥ ሕዝብ የማያየው ሁለተኛው፣ ማለትም ምዝገባው፣ የሁሉም መሠረት ነው። የባለቤቱ ስምና ታሪኩ ያልተጻፈ ኪታብ መስታወት ውስጥ ቢቀመጥም ግማሽ ሕይወቱ ወጥቷል። ከአያቴ ሣጥን የወጣው ኪታብ ዛሬ በሆነ ሀገር ሙዚየም ውስጥ ሊሆን ይችላል። ሆኖም ከጫጫ መምጣቱን የጻፈ ስለሌለ ለእኛም ለእነሱም ባይተዋር ነው።

እኛ ሙስሊሞች ለዚህ ነገር ጥሩ ቃል አለን፤ አማና። አማና የተቀበለ ሰው የሌላውን ንብረት እንደ ራሱ አያዝበትም። ይጠብቀዋል፣ ሲጠየቅም ይመልሳል። ሙዚየምን በዚህ ዓይን ካየነው ከእሱ ምን መጠየቅ እንዳለብን ወዲያውኑ ይገባናል።

የሐረር ትምህርት

ይህ አሠራር በሀገራችን በተግባር ታይቷል። ሩቅ ሳንሄድ ሐረርን እንውሰድ።

ሐረር ጀጎል እ.ኤ.አ. በ2006 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ሰፍራለች። በግንቡ ውስጥ 82 መስጂዶች እንዳሉ መዝገቡ ይገልጻል። ሆኖም የሐረርን የቤት ቅርስ ከመበተን ለማዳን የጀመረው አንድ ግለሰብ ነው። አቶ አብዱላሂ አሊ ሸሪፍ የሐረሪን ታሪክ ለማወቅ ባላቸው ፍላጎት በ1980ዎቹ ዓ.ም ከየቤቱ አሮጌ ዕቃ፣ ሳንቲም፣ ጌጣ ጌጥ፣ የእጅ ጽሑፍና የድሮ ዘፈን ቅጂዎች መሰብሰብ ጀመሩ። እ.ኤ.አ. በ1998 በገዛ መኖሪያ ቤታቸው የግል ሙዚየም ከፈቱ። እ.ኤ.አ. በ2007 ደግሞ የክልሉ መንግሥት ራስ ተፈሪ የኖሩበትን፣ በአንድ ሕንዳዊ ነጋዴ የተሠራውን ትልቅ ቤት ለሙዚየሙ ሰጠ። ዛሬ የሸሪፍ ሐረር ከተማ ሙዚየም የሚባለው እሱ ነው። በውስጡም በመቶዎች የሚቆጠሩ የእጅ ጽሑፍ ኪታቦች ይገኛሉ።

አድማጮች፣ እዚህ ላይ ቆም ብለን እንመልከት። ግለሰቡ ድካሙንና እውቀቱን፣ መንግሥት ቤቱን፣ ሕዝቡ ደግሞ ዕቃውን ሰጠ። መጀመሪያ ላይ ሕዝቡ ተጠራጥሮ ነበር። ዕቃው ሲጠበቅ፣ ሲጠገንና ለሁሉም ሲታይ በዓይኑ ባየ ጊዜ ግን ብዙ ቤተሰብ የራሱን ይዞ መጣ። መተማመን በስብከት አልመጣም፤ በሥራ ነው የመጣው። በተጨማሪም አቶ አብዱላሂ የተጎዱ ኪታቦችን ለመጠገን የድሮውን የሐረር የመጽሐፍ ድጉሰት ጥበብ ተምረው ለሌሎችም አስተምረዋል። ሙዚየሙ ዕቃውን ብቻ ሳይሆን የዕቃውን ሙያም አተረፈ ማለት ነው። ሙያ ያለው ወጣት ደግሞ እንጀራ ያገኝበታል።

ንግዱም ድርሻውን አገኘ። በጀጎል ውስጥ አንዳንድ ቤተሰቦች ባህላዊውን የሐረሪ ቤት እንዳለ ጠብቀው ለእንግዳ ማረፊያ አድርገውታል። መደቡ፣ በግድግዳው ላይ የተሰቀለው ስፌትና ሳህን እንዳለ ነው። እናቶች የሚሠሩት ስፌት ገዢ ያገኛል። እንግዳ ሙዚየሙን ሊያይ ይመጣል፤ አድሮ፣ በልቶና ገዝቶ ይሄዳል። በዚህ መንገድ ቅርሱን መሸጥ ሳያስፈልግ ቅርሱ ቤተሰብ ያኖራል። ለጣራው ቆርቆሮ ሲባል ኪታብ እንዳይሸጥ የሚያደርገው እንዲህ ያለው ገቢ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 ደግሞ የሐረሪዎች የሸዋሊድ በዓል በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ መዝገብ ላይ ሰፍሯል። የሚዳሰሰውና የማይዳሰሰው ተያይዘው እንደሚሄዱ ይህ ያሳያል።

ወዳጆች ያሉት ሙዚየም

ሁለተኛው ምሳሌያችን ከአዲስ አበባ ነው። ስድስት ኪሎ በሚገኘው የቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ውስጥ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ1963 ተመሠረተ። በቤተ መጻሕፍቱ ከግዕዝና ከአማርኛ ብራናዎች ጋር የዐረብኛና የዐጀሚ የእጅ ጽሑፎችም ይገኛሉ። ተቋሙ በገበያ የሚሸጡ ቅርሶችን ሁሉ ለመግዛት የሚበቃ በጀት አልነበረውም። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ1968 የተቋሙ ወዳጆች ማኅበር ተቋቋመ። አባላቱ ገንዘብ እያዋጡ ከሀገር ሊወጡ የነበሩ ቅርሶችን እየገዙ ለሙዚየሙ አስገብተዋል። ይህ ዓይነቱ ማኅበር ለእኛ እንግዳ አይደለም። ዕድርን፣ ዕቁብን፣ ለመስጂድ የሚደረገውን መዋጮ ለለመደ ሕዝብ የሙዚየም ወዳጆች ማኅበር ማቋቋም ከባድ ሊሆን አይገባም።

ሦስተኛው ከደቡብ ነው። የኮንሶ ሕዝብ በጀግኖቹ መቃብር ላይ የሚያቆማቸው ዋካ የተባሉ የእንጨት ሐውልቶች ለረጅም ጊዜ ሲሰረቁና ለቱሪስት ሲሸጡ ኖረዋል። ከሌቦች የተያዙት ሐውልቶች ዛሬ በፈረንሳይ እርዳታ በተሠራው የካራት ሙዚየም ውስጥ ተቀምጠዋል። የውጭ እርዳታ ሕንፃውን አቆመ፤ ዕቃው ግን ከሀገሩ፣ ከባለቤቱ ሕዝብ መሐል አልወጣም። የእርዳታ ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው።

ሕጉ ምን ይላል?

«የቤቴን ዕቃ መንግሥት ይወስድብኛል» ብለው የሚፈሩ ሰዎች አሉ። በዚህ ፍርሃት የተነሳ ብዙ ቅርስ ተደብቆ ይበሰብሳል፤ ወይም በጨለማ ይሸጣል። ስለ ቅርስ ጥናትና አጠባበቅ የወጣው አዋጅ ቁጥር 209/1992 ግን ቅርስ በመንግሥትም በግለሰብም ባለቤትነት ሊያዝ እንደሚችል ደንግጓል። ማስመዝገብ ማለት ማስረከብ አይደለም። ባለቤቱ ቅርሱን የመጠበቅ ግዴታ አለበት። ለሌላ ሰው ሊያስተላልፍ ሲፈልግ ማሳወቅ ይገባዋል። ያለ ፈቃድ ከሀገር ማውጣት ክልክል ነው። ለመንገድ ወይም ለቤት መሠረት ሲቆፈር ጥንታዊ ነገር ያገኘ ሰውም ሳይነካካ ወዲያውኑ ለሚመለከተው አካል ማስታወቅ አለበት።

የተመዘገበ ዕቃ ጥቅሙ ግልጽ ነው። ፎቶግራፉና መግለጫው በመዝገብ ላይ ስላለ ቢሰረቅ ይፈለጋል፤ ሌባም ለመሸጥ ይቸገራል። ያልተመዘገበ ኪታብ ሲጠፋ ግን «የእኛ ነበር» ብለን የምናቀርበው ማስረጃ አይኖረንም። እኛ ቤት የሆነው ይኸው ነው።

ከሙዚየም ጋር በምን ዓይነት ውል?

አንድ ቤተሰብ ከሙዚየም ጋር ሊስማማ የሚችልባቸው መንገዶች ከአንድ በላይ ናቸው። ልዩነታቸውን ማወቅ ያስፈልጋል።

አንደኛው ስጦታ ነው። ዕቃው ለዘለቄታው የሙዚየሙ ይሆናል። ስለዚህ ወራሾች ሁሉ መስማማታቸው መረጋገጥ አለበት።

ሁለተኛው ሽያጭ ነው። ቤተሰቡ ተቸግሮ ከሆነ ለማይታወቅ ሰው ከመሸጥ ለሙዚየም በደረሰኝ መሸጥ ይሻላል። የወዳጆች ማኅበርና የነጋዴ መዋጮ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው።

ሦስተኛው ውሰት ነው። ዕቃው ለአንድ ዓመት ወይም ለአንድ ኤግዚቢሽን ይሰጣል፤ ከዚያ ይመለሳል። የሚመለስበት ቀን በውሉ ላይ መጻፍ አለበት።

አራተኛው አደራ ነው። ባለቤትነቱ የቤተሰቡ፣ ወይም ወቅፍ ከሆነ የወቅፉ ሆኖ፣ ጥበቃው የሙዚየሙ ይሆናል። ወቅፍ የተደረገ ኪታብ አይሸጥም፣ አይሰጥም። ስለዚህ መጀመሪያው ወይም መጨረሻው ገጽ ላይ የወቅፍ ጽሑፍ እንዳለ ዐረብኛ በሚያነብ ሰው ማስነበብ ያስፈልጋል። ካለም የመስጂዱን ኮሚቴና ዓሊሞችን ሳያማክሩ እርምጃ መውሰድ አይገባም።

አምስተኛው ቅጂ ብቻ መስጠት ነው። ኪታቡ ከቤት ሳይወጣ ገጽ በገጽ ፎቶግራፍ ይነሳል፤ አንድ ቅጂ ለቤተሰቡ፣ አንድ ቅጂ ለሙዚየሙ ይሆናል። ዛሬ በእጅ ስልክ እንኳ ንጹሕ ፎቶ ማንሳት ስለሚቻል ይህ ለአብዛኛው ቤት የቀለለው መንገድ ነው።

በየትኛውም መንገድ ቢሆን ውሉ በጽሑፍ ይሁን። የቤተሰቡ ስም በዕቃው መግለጫ ላይ ይጻፍ ወይስ አይጻፍ፣ ፎቶው ለፖስትካርድና ለመጽሐፍ ቢውል ገቢው ለማን ይሆናል፣ ቤተሰቡ በፈለገ ጊዜ ገብቶ ማየት ይችላል ወይ የሚሉት ሁሉ በግልጽ ይቀመጡ። የዕዳ ውልን በጽሑፍና በምስክር ማድረግን ዲናችን አስተምሮናል። የቅርስ ውልም ከዚያ አያንስም።

የነጋዴው ድርሻና ጥንቃቄው

ወደ ነጋዴ ወንድሞችና እህቶች እንመለስ። የዚህ አካባቢ ቅርስ ግማሹ በነጋዴ እጅ የመጣ ነው። አልዩ አምባን ከተማ ያደረጋት ንግድ ነው፤ ኪታቡም ከጨውና ከጨርቁ ጋር በግመልና በበቅሎ ጀርባ ተጭኖ ነው የወጣው። ስለዚህ የዛሬ ነጋዴ ለሙዚየም ቢሰጥ የአባቶቹን ሥራ መቀጠሉ ነው። መስታወት ያለው ቁም ሣጥን የሚያሠራ አናጺ፣ ቤት የሚለቅ አከራይ፣ ተማሪዎችን በነፃ የሚያመላልስ የመኪና ባለቤት፣ በርኖስና ዝተት ከባለሙያዎች ተረክቦ በሙዚየሙ በር ላይ የሚሸጥ ባለሱቅ ሁሉም ድርሻ አላቸው። ገንዘብ ብቻ አይደለም የሚፈለገው።

ነገር ግን ገንዘብ ስም ይዞ ይመጣል። በአሜሪካ የሳክለር ቤተሰብ ለታላላቅ ሙዚየሞች ብዙ ገንዘብ ሰጥቶ በየአዳራሹ ስሙ ተጽፎ ነበር። የቤተሰቡ ኩባንያ የሚያመርተው ኦክሲኮንቲን የተባለ የሕመም ማስታገሻ ብዙ ሰው ለሱስና ለሞት ከዳረጉት መድኃኒቶች አንዱ መሆኑ ሲታወቅ ተቃውሞ ተነሳ። የፓሪሱ ሉቭር እ.ኤ.አ. በ2019፣ የኒው ዮርኩ ሜትሮፖሊታን ደግሞ በ2021 ስሙን ከግድግዳቸው አነሱ። ለእኛ ያለው ትምህርት ቀላል ነው። ለምሳሌ የቁርኣን ኪታብ በሚታይበት ክፍል በር ላይ የመጠጥ ፋብሪካ ማስታወቂያ ቢሰቀል ኪታቡን የሰጠው ቤተሰብ ምን ይሰማዋል? ስለዚህ ከማን ገንዘብ እንደሚወሰድና የሰጪው ስም የት እንደሚጻፍ ገንዘቡ ከመምጣቱ በፊት ማኅበረሰቡ ባለበት መወሰን አለበት። ደግሞም የሰጠ ሰው ስለሰጠ ብቻ የሚታየውንና የሚነገረውን ሊመርጥ አይገባም።

ይህን የምንለው ምክንያት አለን። ከአልዩ አምባ አጠገብ አብዱል ረሱል በሚባል ስፍራ የባሪያ ገበያ ይቆም ነበር። ከዚያ እየተገዙ ወደ ባሕር የተነዱ ሰዎች ነበሩ። የአካባቢያችንን የንግድ ታሪክ የሚያሳይ ሙዚየም ይህንንም ማሳየት አለበት። አባቶቻችንን ያስነቅፋል ብለን ብንደብቀው ልጆቻችን ከሌላ ይሰሙታል፤ ከዚያ በኋላ የነገርናቸውን እውነት ሁሉ ይጠራጠራሉ። አማና ማለት የሚያኮራውን ብቻ መጠበቅ አይደለም።

ከዛሬ ጀምሮ ምን እናድርግ?

አድማጮች፣ ሙዚየም እስኪሠራ ድረስ እጃችንን አጣጥፈን አንቀመጥም። በየቤታችን ልንጀምራቸው የምንችላቸው ነገሮች አሉ።

አሮጌ ኪታብ ያለው ሰው ከእርጥብ ግድግዳና ከምድጃ ጭስ ያርቀው። መሬት ላይ አያስቀምጠው። በላስቲክ አይጠቅልለው፤ ላስቲክ እርጥበት ያፍናል፤ ሻጋታ ያመጣል። ንጹሕ የጥጥ ጨርቅ ይበቃዋል። የተቀደደ ገጽ በፕላስተር አይጣበቅ፤ ማጣበቂያው ወረቀቱን ይበላዋል። በእስክሪብቶ ምንም ነገር አይጻፍበት። እጅን ታጥቦ፣ አድርቆ መንካት ይበቃል። የወላለቁ ገጾች ቢኖሩ እንዳሉ በቅደም ተከተላቸው ይቀመጡ፤ አይጣሉ።

ሁለተኛ፣ ዕቃውን ከታሪኩ ጋር መዝግቡ። አንድ የተማሪ ደብተር ይበቃል። ዕቃው ምንድን ነው? ማን አመጣው? ከየት? ለምን ያገለግል ነበር? ማን ነው ይህን የነገረን? የዚህ መልስ ያለው ከአያቶቻችን ዘንድ ነው። ልጆች ከትምህርት ቤትና ከመድረሳ ሲመለሱ አያቶቻቸውን ጠይቀው ይጻፉ። የእናቶችን ቃል አትርሱ። የስፌቱን፣ የሽመናውን፣ የዱዓውንና የመንዙማውን ታሪክ ከወንዶቹ ይልቅ እነሱ ሊያውቁት ይችላሉ።

ሦስተኛ፣ ዕቃችሁን ለመግዛት የሚመጣ ሰው ሲኖር ወዲያውኑ አትመልሱለት። ስሙን፣ ከየት እንደመጣና ፈቃዱን ጠይቁ። ለወረዳችሁ የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት አሳውቁ። እውነተኛ ገዢ ይህን አይፈራም።

አራተኛ፣ በአካባቢ ደረጃ በትንሹ እንጀምር። የጫጫ፣ የአንኮበር፣ የአልዩ አምባ ሰው በአንድ ክፍል፣ በሁለት ቁም ሣጥን ሊጀምር ይችላል። ክርስቲያን ጎረቤቶቻችንም ብራናና በርኖስ በየቤታቸው አላቸው። የአንጎለላና የአልዩ አምባ ታሪክ በአንድ መንገድ የተያያዘ ነው፤ ነጋዴው ቆላውንና ደጋውን ያገናኝ ነበር። ስለዚህ ሥራው የጋራ ቢሆን ለሁሉም ይበጃል። የሐረሩም ሙዚየም ከአንድ ሰው መኖሪያ ቤት መነሳቱን አንርሳ።

በመጨረሻም ወደ አያቴ ሣጥን እንመለስ። አያቴ ከሞቱ በኋላ ሣጥኑ ሲከፈት በነጩ ጨርቅ እጥፋት ውስጥ ከኪታቡ ወልቀው የቀሩ ሁለት ገጾች ተገኙ። በአንደኛው ዳር ላይ የአያቴ ባል የተወለዱበት ቀን ተጽፏል። ገጾቹን ፎቶግራፍ አንስተን ለዘመድ ሁሉ አድለናል። ከየት እንደመጡና እንዴት እንደተለያዩም በደብተር ጽፈናል። ምናልባት አንድ ቀን የቀረው ክፍል በአንድ ሙዚየም ውስጥ ቢገኝ፣ ኢንሻአላህ፣ እነዚህ ሁለት ገጾች ምስክር ይሆናሉ። አጎቴ ዛሬ በዕድሜ ገፍቷል። ቆርቆሮው ከዛገ ቆየ። ገጾቹን ሲያይ «ያን ቀን የሚጠይቅ ሰው ቢኖር ኖሮ» ይላል።

ውድ አድማጮቻችን፣ በእናንተ ቤት ያለው ሣጥን ገና አልተሸጠም። ዛሬ ማታ ከፍታችሁ ከልጆቻችሁ ጋር እዩት። የሚያውቁትን ጠይቁ፣ ጻፉትም። አላህ አማናውን ከሚወጡት ያድርገን።